ለባለቤቴ ያልነገርኳት ሻይ

ሀብትህን ዘርዝር ብባል አፍታም አይፈጅብኝ። አንድ በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ጥላ። ጥላው እንኳ የአከራዬ ነው፤ ግን እስካሁን የጥላ ኪራይ ስላልጠየቁኝ እንደ ራሴ አድርጌ ይዤዋለሁ። ጠዋት ከቤቱ በስተምዕራብ ይዘረጋል። ቀትር ላይ ግድግዳው ሥር ተለጥፎ ቀበቶ ያህላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጓሮ በኩል ይወጣል፤ እኔም መኪናዬን እየጎተትኩ፣ ወንበሬን ታቅፌ አብሬው እዞራለሁ። እዚህ ማንያታ ሰፈር «ፉንዲ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ፉንዲ በስዋሂሊ ባለእጅ ማለት ነው። በዚህ አገር ስሜ እሱ ከሆነ ቆየ፤ ሌላኛውን ስሜን የምትጠራው ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው።

ሞያሌ ለሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት፤ እኛ ያለነው በኬንያው በኩል ነው። ስልኬ ግን እስከ ዛሬ የየት አገር ዜጋ እንደሆነ አልቆረጠለትም። ከወንበሬ ተነስቼ ሽንት ቤት ስሄድ «እንኳን ወደ ኢትዮጵያ በደህና መጡ» ይለኛል። ስመለስ ኬንያ በእንግሊዝኛ ትቀበለኛለች። ለሽንት የወጣ ሰው በሁለት መንግሥት አቀባበል ሲደረግለት የት ታይቷል! ደግነቱ ሰዓቱ አያጣላንም። ስዋሂሊውም እንደኛው ከጠዋት ጀምሮ ስለሚቆጥር አሥር ሰዓት በሁለቱም በኩል አሥር ሰዓት ነው።

ደስታህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው በትልልቁ ነገር አልታማም። ከምሳ በኋላ ጣቃ ጨርቁ ላይ ጋደም እላለሁ። ቆርቆሮው በሙቀቱ ጧ… ጧ… ይላል። እንቅልፍ መጣሁ አልመጣሁ ሲል መሐል ላይ አንዲት ሰዓት አለች፤ ነቅቼም አይደል፣ ተኝቼም አይደል። የአህያ ጋሪ ያልፋል፣ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ሲናጥ ይሰማኛል። ከሩቅ አንዱ ቦራን ሌላውን ሰላም ይለዋል፤ የነሱ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ የሰዉ ደህና፣ የከብቱ ደህና፣ የዝናቡ ደህና እየተባለ ይሄዳል። ያኔ ዕድሜዬ ስንት እንደሆነ ይጠፋኛል። አንዳንዴ አባቴ ቤት ያለሁ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ዋልዳ፣ የስደተኞች መጠለያው ድንኳን ውስጥ። የትም ብሆን ግድ አይሰጠኝም፣ የሚቸኩል ሰው የለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የአሥር ሰዓቱ ሻይ ነው። በዚች ሻይ የተነሳ ነው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ ተደብቄ የኖርኩት።

ባለቤቴን ያገኘኋት ዋልዳ ነው፣ ስደተኞች ሳለን። እኔ የመንግሥት ለውጥ ያባረረኝ፣ ጢሜ በቅጡ ያልበቀለ ወታደር ነበርኩ። እዚያው መጠለያው ውስጥ ስፌት ተማርኩ፤ እሷ ደግሞ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ነበረች፣ ያሳጠርኩላት ቀሚስ አንዱ ጎን ረዝሞ ሌላው አጥሮ ወጣ። «እንዲህ ነው እንዴ የምትሰፋው?» አለችኝ። «እንዲህ ነው እንዴ የምትቆሚው?» አልኳት። በዚያው ተያይዘን ቀረን።

ደገኛ ናት። ለሃይማኖቷ ቀልድ አታውቅም። ረቡዕ ከዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ አንዱ አይዛነፍም። የግመል ነገር ከመጣ ደግሞ አበቃ፤ የክርስቲያን አፍ አይነካውም፣ ሥጋውም ወተቱም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ለሠርግ ትልቁን ድስቷን ተውሰው የግመል ሥጋ ቀቀሉበት። ባወቀች ጊዜ አልተቆጣችም። «ለሙሽሮቹ ከኔ ስጦታ ይሁን» ብላ መረቀችላቸውና ሌላ ድስት ገዛች። ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ ለጋስነቷን ያወራሉ።

እንግዲህ እኔ የዚች ሴት ባል ነኝ።

ወተት የሚሸጡት የቦራን ሴቶች ጠዋት ኦቦ ከሚባለው መንደር በሞተር ይመጡና ገበያው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አንደኛዋ፣ እኔ ማማ የምላቸው በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴትዮ፣ እዚያው ከሰል አያይዘው ሻይ ያፈላሉ። አንድ ቀን የተቀደደ ሻሻቸውን ጠቅሜ ወሰድኩላቸውና «ተቀመጥ ፉንዲ» ብለው በወተት የተፈላ ሻይ ሰጡኝ። ወተቱ የሚቀመጠው ከዛፍ ሥር በተጎነጎነ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ደግሞ በወይራ ፍም ይታጠናል። ጠጣሁ። በማግሥቱ ሄድኩ። ከዚያ በኋላማ አሥር ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ይነሳ ጀመር።

ወራት አለፉ። በጋው ጠና፣ ከብቱ ሁሉ ውሃ ፍለጋ ራቀ፤ የማማ ወተት ግን አልነጠፈም። እኔ ሞኙ፣ አድናቆቴን ልግለጽ ብዬ «ማማ፣ ይቺ ላምዎ እንዴት ያለች ብርቱ ናት!» አልኳቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ የሳቁት ሳቅ! አንዷ ጀሪካኗ ላይ ተደፋች፣ ሌላዋ ዕንባዋን በሻሿ ጠረገች። ማማ ሳቃቸውን ሲጨርሱ በእጃቸው ረጅም አንገት ሠርተው አሳዩኝ።

ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሳሁ። አማተብኩ። አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ ቤቴ ስገባ ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሁለተኛ እዚያ ዛፍ ሥር ብገኝ ብዬ ማልኩ። መሐላዬ ሦስት ቀን ጸና። በአራተኛው ቀን አሥር ሰዓት ሲሆን ያ የሞያሌ ነፋስ ተነሳ፣ ከገበያው በኩል ጭሱን አመጣው። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ። ማማ ገና ሲያዩኝ ብርጭቆዬን አለቀለቁ።

ታዲያ እኔም ሕሊና አለኝ። ረቡዕና ዓርብ አልጠጣም! ጾም ሲገባም አልጠጣም፤ ያኔ ማማ ወተት የሌለበት ሻይ ይሰጡኛል። አይሳቅብኝ። በዚህ ከተማ የግመል ወተት የሚጠጣ ሞልቷል፣ የሚጾምም ሞልቷል፤ ከግመል ወተት የሚጾም ክርስቲያን ግን ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከሁለቱ አንዱን እንኳ በደንብ ላድርግ ብዬ ነው። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው ተረት ለኔ የተተረተ ነው። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን እናዘዝና እዚያ ስደርስ ሳል ሳል ይለኛል።

ቤት ስገባ «የት ነበርክ?» ትለኛለች። «ሻይ ጠጥቼ» እላለሁ። «እሺ» ትላለች። እንዲህ እየተባባልን አሥራ ስምንት ዓመት ኖርን።

ባለፈው ጥር ባለቤቴ ታመመች። ታይፎይድ ነው ተባለ። ትኩሳቱ በመድኃኒት ወረደላት፣ ምግብ ግን እምቢ አላት። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ያቺ ድስት እንደ ቅል የምታነሳ ሴት ጋቢ ውስጥ ጠፋች። ቀሚሷን ላጠብብላት ስለካት ሜትሬ የዋሸኝ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። የክሊኒኩ ሐኪም «መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን ካልበላች ነው የምንፈራው። ወተት ስጧት፣ በትንሽ በትንሹ» አለኝ።

ወተት ከየት ይምጣ? በጋው የከፋ ነበር፤ አንድ ላም በአካባቢው የለም። ናይሮቢ ያለችው ልጃችን የዱቄት ወተት በአውቶቡስ ላከች። እናቷ አንዴ ቀምሳ «ኖራ ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የፍየል አመጣሁ፤ ሽታው ብቻ አስመለሳት። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ ወታደር እያለሁም።

ማማ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻዩንም አልነካሁት። ነገሩን ስነግራቸው ከወተቱ በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ላም የለም፣ ፉንዲ። ላም ሩቅ ሄዷል» አሉኝ። «ይህን ስጣት። ምን እንደሆነ አትንገር። ስትድን ትነግራታለህ።»

«ካወቀችብኝስ?»

«ከዳነች ትቆጣ። መቆጣት የዳነ ሰው ሥራ ነው።»

እውነታቸውን ነው። መንገዱን ሙሉ እውነታቸውን ነው እያልኩ መጣሁ። ቤት ገብቼ ወተቱን አሞቅሁት፣ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁት፣ ስኳር አደረግሁበት። ከላም ወተት አይለይም፣ ነጭ ነው። እሷ ደግሞ ከእጄ የመጣውን አትጠራጠርም። አፏን ከፍታ ትጠጣለች፣ በማግሥቱም ትጠጣለች፣ ትድናለች። ብርጭቆውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

አልቻልኩም። የራሴን አፍ መዋሸት ለምዶብኛል፤ ያ የኔ ዕዳ ነው። ይቺ ሴት ግን ከአገሯ ወጥታ፣ ድንኳን ውስጥ ኖራ፣ በሰው አገር አርጅታ ይዛ የቀረችው ነገር ቢኖር አፏን ነው። ተኝታ እያለች፣ በኔ እጅ፣ እሱን ልነጥቃት? ደግሞስ ብትሞትብኝስ? ሁለቱ ሐሳብ ግራና ቀኝ ያዘኝና እግሬ ከደፉ አልነቀል አለ።

«ምን ያስቆምሃል? ግባ እንጂ» አለች ከአልጋው ላይ።

ገባሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ይቺን ወተት አመጣሁልሽ» አልኳት። «የላም አይደለም። የግመል ነው። ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። ካልጠጣሽ እኔ… እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?» ከዚያ አፌ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አለኝ። «ደግሞ እኔም እጠጣዋለሁ። በየቀኑ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሻይ ጠጣሁ የምልሽ እሱን ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከሳሳው ፊቷ ላይ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ትልቅ ሆኗል።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሸሚዝህን የማጥበው እኔ አይደለሁም እንዴ? መጀመሪያ ሰሞን ጢምህ ወይራ ወይራ ይሸተኝ ጀመር። እዚህ አገር ወይራ የሚሞቁት ሴቶች ናቸው። ሰውዬው ሌላ ሴት ያዘ አልኩ። አንድ ቀን ተከተልኩህ፣ ሱቁ ጀርባ ቆሜ አየሁህ። ከአምስት አሮጊት መሐል ተቀምጠህ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትጠጣለህ።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ተመስገን፣ ግመል ነው ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

ሳቄ መጣ፣ ዕንባዬም መጣ፣ የቱን እንዳስቀድም ጠፋኝ። «ታዲያ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልተናገርሽኝም?»

«ብናገርህ ትተወዋለህ። አውቅሃለሁ። ከዋልዳ ጀምሮ አይሃለሁ፤ ይህ አማረኝ፣ ያ ይገዛልኝ ብለህ አታውቅም። ዕድሜህን በሙሉ አንድ ነገር ወደድክ። እሱንም እኔ ላስተውህ?» ጋቢዋን ሳብ አደረገችና ጨመረች፤ «ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አይሸትህም ነበር። ያንን ለእግዚአብሔር ነግሬልሃለሁ።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ነው። «ትጠጪልኛለሽ?» አልኳት።

«እኔስ አልጠጣም» አለች፣ ሳትቆጣ። «አንተ ግን ጠጣው። እዚሁ፣ እያየሁህ። ይቀዘቅዛል።»

«እንዴት አድርጌ? አንቺ እንዲህ ሆነሽ?»

«ጠጣ አልኩህ።» ስሜን ጠራች። እንደ ወትሮው ስትቆጣ አይደለም፤ ቀስ ብላ ነው የጠራችኝ።

ጠጣሁ። ቤቴ ውስጥ፣ ባለቤቴ ፊት። እሷ ትራሷ ላይ ደገፍ ብላ ጉሮሮዬን ታያለች።

«እስቲ ንገረኝ» አለች። «ምን ምን ይላል?»

ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ማን ይጠይቀኛል? «ሲጀምር ምንም አይልም» አልኳት። «ቀለል ያለ ነው፣ እንደ ላም ወተት ምላስ ላይ አይተኛም። ትንሽ ቆይቶ ጨው ጨው ይላል። ግመሏ የበላችው እሾህ ነው አሉ ጨዋማ ያደረገው። ማማ አንዳንድ ቀን ቀምሰው ብቻ በየት በኩል እንደዋለች ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ፣ ዋጥኩት ስትይ፣ ወይራው ይመጣል። እሱ ነው ዓይን የሚያስጨፍነው። የሠርግ ቤት በነጋታው ሲሸት አታውቂም? እንደዚያ።»

ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማኝ። ከንፈሯ በትንሹ ይንቀሳቀሳል። የተኛች መስሎኝ ዝም ስል «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች። ስለ ዛፉ ነገርኳት። ሴቶቹ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ስለሚጨቃጨቁት፣ አንደኛዋ ጥርስ ስለሌላት ስኳሩን በሻይ አርሳ ስለምትበላው፣ ላምዎ ብርቱ ናት ብዬ ስለተሳቀብኝ ቀን። እዚያ ላይ ስደርስ ደረቷ ተንቀጠቀጠ። ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው።

«አጥሚት የለም?» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ የምግብ ስም! ዘልዬ ተነሳሁ። አጥሚት ሠርቼ አላውቅም፤ በውሃ በጠበጥኩት፣ ሥሩ አረረ፣ ላዩ ጓጎለ። አራት ማንኪያ በላች። «የስፌትህ ታናሽ ወንድም ነው» አለችኝ።

ከዚያን ቀን በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ። አሥር ሰዓት ሲሆን እሄዳለሁ፣ ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እነግራታለሁ። ዛሬ ጨው በዝቶበታል፣ ዛሬ ጭሱ ሳስቷል፣ ዛሬ ማማ አዲስ ዕቃ አጥነዋል። እኔ እያወራሁ እሷ ያረረ አጥሚቴን ትበላለች። አራቱ ማንኪያ ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ሳህን ሆነ። ዝናብ ጥሎ ላሞቹ ሲመለሱ ደግሞ ሁዳዴ ተይዟል፤ አይ የኛ ነገር! ቢሆንም በእግሯ ቆማለች።

ግድግዳውን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ በሩ የወጣችው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። እኔ መኪናዬን ሸፍኜ ወደ ገበያ ልሄድ ስል ከኋላዬ ጠራችኝ። ሐኪም ጥራልኝ ልትለኝ መስሎኝ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ዛሬ ቶሎ ና» አለችኝ። «ትናንት ሳትጨርስልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።»